ዞሬ እመጣለሁ

ባለፈው ሰኞ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ላይ አንዲት ያሺካ ካሜራ በ162 ዶላር ከ50 ሳንቲም ተሸጠች። የገዛኋት እኔ አይደለሁም። ዋጋም አልሰጠሁባትም። ስትሸጥ ግን ቁጭ ብዬ ሳይ ነበር።

የፍልሰታ ሰሞን ነው። ከማዶ ካለው ቤተ ክርስቲያን የሰዓታቱ ዜማ በድምፅ ማጉያ ይሰማል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደልቀዋል። እኔ ጋቢ ተከናንቤ ስልኬ ላይ አፍጥጫለሁ። ኢቤይ በሚባለው የኢንተርኔት ጨረታ ገበያ ላይ ሰዓቱ ወደ ኋላ ይቆጥራል። ዋጋው ሁለት ቀን ሙሉ 96 ዶላር ላይ ተገትሮ ነው የከረመው። ስምንት ሰከንድ ሲቀር 127 ከ50 ሆነ። ሦስት ሰከንድ ሲቀር 162 ከ50። ከዚያ "ተጠናቋል" አለና ጭጭ።

ገጹ ላይ 31 ሰው እየተከታተላት እንደነበር ተጽፏል። ዋጋ የሰጡት ስድስት ናቸው። ሌሎቻችን፣ ቢያንስ ሃያ አምስታችን፣ በየአገራችን ተቀምጠን ስናይ ነበር።

ከሰዓት አባቴ ከቅዳሴ ሲመለሱ ነጠላቸውን እንኳ ሳያወልቁ፣ "እህ፣ ስንት ገባች?" አሉኝ።

"162 ከሃምሳ።"

"በብር ስንት ይሆናል?"

ነገርኳቸው። ወንበራቸው ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡና "ተወደደች" አሉ። ገንዘቡ ኪሳቸው ውስጥ ያለ ነበር የሚመስለው።

እኔ ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ትንሽ ፎቶ ቤት አለኝ። ጉርድ ፎቶ አነሳለሁ፣ ፎቶ ኮፒ አደርጋለሁ፣ መታወቂያ ላሚኔት አደርጋለሁ። በሰርግ ሰሞን ቪዲዮም እቀርጻለሁ። ቤቱን የከፈቱት አባቴ ናቸው። በዘመናቸው የሚሠሩት በያሺካ ማት 124 ጂ ነበር። ለማታውቋት፣ ሁለት ዐይን ያላት፣ ቁመቷ ከወርዷ የሚበልጥ ጥቁር ሳጥን ናት። በላይኛው ዐይን ታያለህ፣ በታችኛው ታነሳለህ። ደረትህ ላይ ይዘሃት ከአናቷ ወደ ታች ነው የምታየው። አባቴ ፋሲል ግንብ በር ላይ ሙሽሮችን ሲያነሱ እጅ የሚነሱ ይመስሉ ነበር። ጥምቀት ላይ ባሕረ ጥምቀቱ ዳር ሆነው እንደዚያ አጎንብሰው ያነሷቸው ፎቶዎች ዛሬም የብዙ ጎንደሬ ሳሎን ውስጥ ተሰቅለዋል።

በ1993 ዓ.ም. ሸጧት። ሁሉም ሰው ባለ ቀለምና ፈጣን ፎቶ ፈለገ፣ የቤት ኪራይም ተከማችቶ ነበር። 900 ብር ነው የተሸጠችው። ያን ዕለት እራት አልበሉም።

ኢቤይ ላይ ከእያንዳንዱ ዕቃ ጎን አንዲት የልብ ምልክት አለች። ከነካሃት ዕቃው አንተ መዝገብ ውስጥ ይገባል። ዋጋ ሲሰጥበት፣ ሊያልቅ ሲል፣ ይነግርሃል። በእኛ ቋንቋ ዐይን መጣል ነው። ገዛሁ አላልክም፣ አልገዛም አላልክም።

ይችን ልብ ገና ሳያት ወዲያው ያወቅኋት እናቴ ስላሠለጠነችኝ ነው። ልጅ ሆኜ ቅዳሜ ገበያ ይዛኝ ትሄዳለች። የእኔ ሥራ ዘንቢል መሸከም ነው። በርበሬው ጋ ትቆማለች፣ ታሸታለች፣ በጣቷ ትፈተፍታለች። "ስንት ነው?" ትላለች። ይነግሯታል። ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም። ከዚያ ያቺን ቃል ትላለች፦ "ዞሬ እመጣለሁ።"

አማርኛ ተናጋሪ ሆኖ ይህን ያላለ ሸማች የለም። ሻጩም "እሺ እትዬ፣ ዞረው ይምጡ" ይላል። ሁለቱም ምን እንደተባባሉ ያውቃሉ። የእናቴ ጥበብ ግን ከቃሉ በኋላ ባለው አካሄድ ላይ ነበር። ቀስ ብላ ነው የምትሄደው። አንድ እርምጃ፣ ሁለት እርምጃ፣ ነጠላዋን ታስተካክላለች፣ ሦስት። አምስተኛው ላይ ከኋላ "እትዬ! እሺ ይምጡ፣ በስንት ይወስዱታል?" የሚል ድምፅ ይመጣል። ካልመጣ ዋጋው እውነትም ያ ነው ማለት ነው።

ኢቤይ ይህንንም አውቆታል። በቁርጥ ዋጋ የተቀመጠ ዕቃ ላይ ልቧን ነክተህ ዝም ካልክ፣ ሻጩ ከኋላህ "እሺ በዚህ ውሰደው" ብሎ ቅናሽ ሊልክልህ ይችላል። የሚላከው ለሚያዩት ነው። ሳይገዙ ከሚያዩት ብዙዎቹ ያቺን አምስተኛ እርምጃ እየጠበቁ ነው እላለሁ። እናቴ ስማርት ስልክ ሳትነካ ነው ያረፈችው፤ እዚያ ቤት ግን ማንም አያታልላትም ነበር።

አንድ ሕግ ነበራት። ስንት እንደሆነ መጠየቅ ነውር የለውም። አንተ በአፍህ ዋጋ ከጠራህ ግን አለቀ። "በ40 አትሰጪኝም?" ብለህ ሻጯ "ውሰድ" ካለች መግዛት አለብህ። "አይ፣ ልየው ብዬ ነው" ማለት ያሳፍራል። እንዲያውም ያሰድባል። ኢቤይም ላይ ዋጋ ሰጥተህ ካሸነፍክ የመክፈል ግዴታ አለብህ። ማየት ነፃ ነው፣ አፍ ግን ዕዳ ነው።

ይህን ሕግ አንድ ጊዜ ጥሼ አይቻለሁ። የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ። ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ ምንጣፍ በጨረታ ይሸጥ ነበር። ታውቁታላችሁ እንዴት እንደሆነ። አጫራቹ ድምፅ ማጉያ ይዟል፣ ሴቶቹ እልል ይላሉ፣ አንዱ አምስት መቶ ሲል ሌላው ሰባት መቶ ይላል። እዚያ "ዞሬ እመጣለሁ" አይሠራም። የሰፈሩ ልጆች ከኋላዬ ቆመዋል። አንዲት ልጅም ነበረች፣ ዛሬ ስሟን አልጠራም፣ የሰው ሚስት ናት። እጄ ሳላዘው ወጣ። "ሁለት ሺህ አራት መቶ!" አልኩ። እልልታው ቀለጠ። ሌላ የሚጨምር ሲጠፋ ነው ጉሮሮዬ የደረቀው። ምንጣፉን ለዚያው ቤተ ክርስቲያን ሰጥቼ፣ ገንዘቡን በአራት ወር ከፈልኩ። አልቆጭም፣ የበረከት ነው። ግን ከዚያ ወዲህ ጨረታ የሚል ነገር ባለበት እጄን ኪሴ አስገባለሁ።

ወደ ኢቤይ ልመለስ። እዚያ ዝም የሚሉት ሁሉ እንደኔ ፈሪዎች አይደሉም። አንዳንዱ ያደፈጠ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ልከፍል የምችለው ጣሪያ 120 ዶላር ነው እንበል። 120 ብዬ እጽፋለሁ። ሲስተሙ ግን ይህን ለማንም አያሳይም። ከሌላው ተጫራች በአንድ እርከን ብቻ ከፍ ያደርገኛል። የሌላው ጣሪያ 85 ከሆነ እኔ በ86 እመራለሁ። ካሸነፍኩም የምከፍለው 86 ነው። ዊልያም ቪክሪ የሚባሉ የምጣኔ ሀብት ሊቅ ይህን የመሰለ ሐሳብ፣ አሸናፊው የሁለተኛውን ዋጋ ይክፈል የሚለውን፣ በ1961 እ.ኤ.አ. ጽፈውበታል። በ1996 ኖቤል ተሰጣቸው፤ ዜናው በተነገረ በሦስተኛው ቀን አረፉ። ይህ ከካሜራዬ ጋር አይገናኝም። ሳነበው ስላሳዘነኝ ነው።

እንዲህ ከሆነ ጣሪያን ጽፎ መተኛት ነው የሚሻለው። ማንም ግን አይተኛም። ምክንያቱም ሰው ጣሪያውን አያውቅም። 96 ላይ ሲያያት "100 ብትሆን ምን አለበት" ይላል፣ 100 ስትሆን "እዚህ ድረስ መጥቼ" ይላል። ቀድመህ ዋጋ ከሰጠህ ይህን ሰው ከእንቅልፉ ትቀሰቅሰዋለህ። በዚያ ላይ "ሰው ከተረባረበባት ለካ ደህና ዕቃ ናት" የሚል አዲስ እንግዳ ትጠራለህ። ስለዚህ የሚያውቀው ሰው ልቧን ነክቶ ዝም ይላል። የመጨረሻዋ ሰከንድ ላይ አንዴ ይተኩሳል። ስሙም ከዚያው የመጣ ነው፣ ስናይፒንግ ይሉታል፣ አልሞ ተኳሽነት። በእንቅልፍ ሰዓት የሚተኩስላቸው ፕሮግራም ያላቸውም አሉ።

አልቪን ሮዝ እና አክሰል ኦከንፌልስ የሚባሉ ተመራማሪዎች በ2002 እ.ኤ.አ. ይህን አጥንተው አሳትመዋል። ያን ጊዜ አማዞንም ጨረታ ነበረው። አማዞን ላይ በመጨረሻዎቹ አሥር ደቂቃዎች ዋጋ ከተሰጠ ጨረታው በራሱ ይራዘማል። ኢቤይ ላይ ሰዓቱ ሲሞላ በቃ ነው። የመጨረሻ ደቂቃ ተኩሱ ኢቤይ ላይ በጣም በልጦ ተገኘ። ልምድ ያላቸውማ ጭራሽ ያዘገዩ ነበር።

እንግዲህ ከኔ ጋር ሲያዩ ከነበሩት አንዳንዶቹ ጠመንጃ ይዘው ነው። ሌሎቹ ሻጮች ናቸው፣ የራሳቸውን ካሜራ በስንት እንደሚያወጡ የሚለኩ። ሌሎቹ ሰዓቱ ሲደርስ ተኝተው ነው የሚያልፋቸው። ይህ የመጨረሻው ለኛ አገር ሰው በጣም ቀላል ነው። ሻጮቹ ብዙ ጊዜ እሁድ ማታ፣ ሰው ቤቱ በሚሆንበት ሰዓት እንዲያልቅ ያደርጉታል። በዚህ ወቅት የካሊፎርኒያ እሁድ ማታ 12 ሰዓት፣ የጎንደር ሰኞ ሌሊት 10 ሰዓት ነው።

እኔስ?

ጠያቂ ሲመጣብኝ የማቀርበው ምክንያት ዝግጁ ነው። አንደኛ ዶላር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶን ተሻገረ። 150 ዶላር የነበረች ካሜራ ከ8,550 ብር ተነስታ ከ15,000 በላይ ሆነች። ካሜራዋ ያው ናት፣ እኔ ነኝ የቀነስኩት። ሁለተኛ፣ ብዙዎቹ ሻጮች ወደ ኢትዮጵያ አይልኩም። ልቧን ነክተህ ወረድ ስትል "ወደ እርስዎ አገር አይላክም" የሚል ቀይ ጽሑፍ ታገኛለህ።

ጥሩ ምክንያቶች ናቸው። ግን ሜሪላንድ እህት አለችኝ። በመጣች ቁጥር ሁለት ሃያ ሦስት ሃያ ሦስት ኪሎ ሻንጣ ይዛ ነው። ካሜራዋ አንድ ኪሎ ተኩል እንኳ አትሞላም። ዓምና እህቴ ደውላ፣ "ስማ፣ ምን ያንገበግብሃል? ካርዴ እዚህ አለ። ሊንኩን ላክልኝ፣ ገዝቼ ለአባዬ ይዤለት ልምጣ" አለችኝ።

ምን ብዬ ብመልስላት ጥሩ ነው?

"ትንሽ ልየው" አልኳት።

ሳቀች። "እማዬን ሆንክ" አለችኝ።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ብዙ አሰብኩበት። እውነቱን ልናገር። ካሜራዋ ከመጣች ከእሷ ጋር አንድ ጥያቄ ይመጣል። ፊልሙ ከየት ይገኛል? ማጠቢያ ኬሚካሉን ካቆምን ስንት ጊዜያችን ነው? የብርሃን መለኪያዋ የተሠራው ለሜርኩሪ ባትሪ ነው፣ ያ ባትሪ ዛሬ አይመረትም። የአባቴ ግራ ዐይን ሞራ ግርዶሽ አለው። ካሜራዋ ጠረጴዛችን ላይ ብትቀመጥ፣ አባቴ አንስተው ከአናቷ ወደ ውስጥ ሲያዩና ምንም ሳይታያቸው ሲቀር እኔ አጠገባቸው መቆም አለብኝ። ስልኬ ውስጥ ሳለች ግን ይህ ሁሉ የለም። በየሳምንቱ አዲስ ናት። ቆዳዋ አልተላጠም። ወይ ተልጦ ቢሆንም የሌላ ሰው ችግር ነው።

በዚያ ላይ ማየት ራሱ ሥራ ነው። በሦስት ዓመት ውስጥ ስንት ካሜራ እንዳየሁ አልቆጠርኩም። አሁን የሻጩን ቃል ሳነብ ሰውየውን አውቀዋለሁ። "አልተሞከረም" ካለ ሞክሮ አልሠራችም። "ከአያቴ ቁም ሳጥን የተገኘች" ካለ ሌንሱን ፈንገስ በልቶታል። ጎኗን ሳያሳይ ዐሥር ጊዜ ፊቷን ካነሳ ማጠንጠኛዋ ተበላሽቷል።

የሰኞዋን ለምሳሌ እንውሰድ። ሻጩ 12 ፎቶ ለጥፏል። ሦስተኛው ላይ የጎኗ ቁጥር ማሳያ ይታያል። 7 ላይ ቆሟል። የእሷ ፊልም 12 ፎቶ ነው የሚይዘው። አንድ ሰው ሰባት አንስቶ አምስቱን ሳይጨርስ ትቷታል ማለት ነው። ልቤ ዘለለ። አራተኛው፣ አምስተኛው፣ ደህና። ስምንተኛው ላይ ሰውየው ንጽሕናዋን ላሳይ ብሎ ጀርባዋን ከፍቷል። ፊልሙ እዚያው ተጠቅልሎ ተቀምጧል፣ የቀን ብርሃን አርፎበት።

"ዝጋው!" ብዬ ጮህኩ። ፎቶ ኮፒ የምታስነሳ ተማሪ ነበረች፣ ደነገጠች።

ለአባቴ ሳሳያቸው ስልኩን ወደ ዐይናቸው አስጠግተው ብዙ ቆዩ። ስለ ካሜራዋ አንድም ቃል አልተናገሩም። "የማን ልጅ ይሆን የነበረበት?" አሉ። ከዚያ በኋላ ነው በየቀኑ ስንት ገባች ማለት የጀመሩት። ያችን ካሜራ 31 ሰው እንዳያት ገጹ ይናገራል። አባቴ ግን እዚያ ውስጥ አልተቆጠሩም።

ነሐሴ 2015 የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥብን መዝገቤ ውስጥ 14 ዕቃ ነበረኝ። አስቂኝ ነው፣ ያን ሁሉ ጭንቅ ትቼ ስለ ካሜራ ማሰቤ። ግን ማታ ማታ አስባቸው ነበር። አሁን ያቺኛዋ አለቀች፣ ያቺኛዋ ነገ ናት እያልኩ። ኔት የተመለሰ ዕለት ከፈትኩት። መዝገቡ ባዶ ነበር።

በሻጭ በኩልም ቆሜ አይቼዋለሁ። ባለፈው ዓመት የአባቴን የጨለማ ክፍል ማጉያ፣ ኢንላርጀሩን፣ አንድ የቴሌግራም የሽያጭ ግሩፕ ላይ ለጠፍኩት። ስህተቴ "ዋጋ በውስጥ" ማለቴ ነው። 640 ሰው አየው። በውስጥ 43 ሰው "ዋጋ?" አለኝ። ለ43ቱም መለስኩ። 20 የሚሆኑት "የመጨረሻው?" አሉ። ነገርኳቸው። ከዚያ ዝም። ማታ ማታ በግኜ "ይህ ሁሉ ሰው ሥራ የለውም እንዴ?" እያልኩ ብቻዬን አወራ ነበር፤ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ደግሞ ተነስቼ የሰው ካሜራ ሳልገዛ አያለሁ።

አንድ ልጅ ብቻ በአካል መጣ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፣ ማራኪ ግቢ። ሦስት ጊዜ መጥቷል። እያንዳንዱን መዘውር በቀስታ ያዞራል፣ ሌንሱን በሸሚዙ ሳይሆን በእስትንፋሱ ብቻ እፍ ይለዋል። ሁለተኛው ጊዜ አባቴ መብራቱን አብርተው እንዴት እንደሚሠራ አሳዩት። ሦስተኛው ጊዜ ሲወጣ በሩ ላይ ዞር ብሎ "ጋሼ፣ ዞሬ እመጣለሁ" አለኝ። ጋሼ ማለቱ ራሱ አመመኝ። ኢንላርጀሩ አሁንም ሱቁ ጥግ ላይ አለ። ሌላ የጠየቀ ሰው ቢመጣ እሰጠው እንደሆን እንጃ።

አባቴ በበኩላቸው የቆየ አመል አላቸው። በኩር ጋዜጣ ሲያገኙ መጀመሪያ የሚገልጡት የጨረታ ማስታወቂያውን ነው። ዜናውን በኋላ ነው የሚያነቡት። መነጽራቸውን አድርገው፣ በቀይ እስክርቢቶ ያከባሉ። አዘዞ ላይ የሚሸጥ ቤት። አንድ ያገለገለ ፒክ አፕ። የእህል ወፍጮ ከነሞተሩ። ባንኮቹ የሐራጁን መነሻ ዋጋ ሩብ በሲፒኦ አስይዙ ነው የሚሉት። አባቴ በሕይወታቸው ሲፒኦ አሠርተው አያውቁም። ልጅ ሆኜ "አባዬ፣ ልንገዛው ነው?" ብያቸው ነበር። "አይ፣ ይታወቅ ብዬ ነው" አሉኝ።

ትናንት ማታ አንዲት ሌላ ያሺካ አገኘሁ። ከጃፓን ነው የምትሸጠው። ልቧን ነካሁ። 19 ሰው ቀድሞኛል። ለአባቴ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው በደህናው ዐይናቸው አዩዋት።

"የዚችኛዋ ቆዳ ይሻላል" አሉ። "ፊልም አለባት?"

"የለባትም። 0 ላይ ናት።"

"መቼ ነው የምታልቅ?"

"ሰኞ ሌሊት፣ 10 ከ47።"

ስልኩን መለሱልኝ። ጋቢያቸውን አጣፍተው ተነሱ።

"ለኪዳን ስነሣ እቀሰቅስሃለሁ" አሉኝ። "ስልኩን ቻርጅ አድርገው፣ መብራት ሊሄድ ይችላል።"